በ1 ሉክስ ብርሃን መራመድ

ወለሉ ላይ ቀስቶች ተስለዋል። ወደ ግራ ይታጠፋሉ፣ ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። መንገዱ ላይ እዚህም እዚያም ነገር ተቀምጧል፤ የሚዞሩት አለ፣ ተሻግረው የሚያልፉት አለ። አንድ ልጅ አንዱ ዓይኑ ተሸፍኖ መነሻው ላይ ቆሟል። ከመምጣቱ በፊት ጨለማ ውስጥ 40 ደቂቃ ተቀምጧል። የክፍሉ ብርሃን 1 ሉክስ ነው፤ ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። ጨረቃ የሌለችበት የበጋ ሌሊት ያህል ማለት ነው። ሂድ ይሉታል። ካሜራው ይቀርጻል።

ይሄ ጨዋታ አይደለም። ሉክስተርና የሚባለው የዓይን መድኃኒት ፈቃድ ያገኘው በዚህ መንገድ ላይ በታየው ውጤት ነው። በአሜሪካ በዘር ለሚተላለፍ በሽታ በቀጥታ ሰውነት ውስጥ እንዲሰጥ የተፈቀደ የመጀመሪያው የዘረመል ሕክምና እሱ ነው። ስለ ሉክስተርና ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ዋጋው ነው። እኔም እመጣበታለሁ። ግን ታሪኩን ሳነብ ከሁሉ በላይ የያዘኝ ያ መንገድ ነው። ሐኪሞቹ መድኃኒቱን በእጃቸው ይዘው፣ መሥራቱን የሚያሳዩበት መለኪያ አልነበራቸውም። መለኪያውንም ራሳቸው መሥራት ነበረባቸው።

ከመጀመሬ በፊት፣ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቻርጀር የሌለው ዓይን

በሽታው ሌበር ኮንጀኒታል አማውሮሲስ ይባላል። በ1869 የገለጹት ቴዎዶር ሌበር የተባሉ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ናቸው። ሕፃኑ ሲወለድ ዓይኑ ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው። ወራት ሲያልፉ ግን ወላጆች ይጨነቃሉ። ፊታቸውን አይከተልም። ዓይኑ አንድ ቦታ አያርፍም፣ ይዋልላል። መብራት ካየ ግን ፈጥጦ ይቀራል፤ አምፖል፣ መስኮት፣ ብርሃን ያለበት ሁሉ ይስበዋል። ሲመሽ ደግሞ ያቺ ያለችውም እይታ ትሄዳለች።

ይህን በሽታ የሚያመጡት ዘረመሎች ከ20 በላይ ናቸው። የዛሬው ጉዳይ የአንዱ ብቻ ነው፤ አርፒኢ65 ይባላል።

ሥራው እንዲህ ነው። ብርሃን ዓይናችን ውስጥ በገባ ቁጥር ከቫይታሚን ኤ የተሠራች ትንሽ ሞለኪውል ቅርጿን ትለውጣለች። ወደ አንጎል የሚሄደውን መልእክት የምትቀሰቅሰው ይህች ለውጥ ናት። አንዴ ከተለወጠች በኋላ ግን ወደ ቀድሞ ቅርጿ እስክትመለስ ድረስ አታገለግልም። የምትታደሰው ከሬቲናው (ዓይን ውስጥ ብርሃን ከሚቀበለው ስስ ሽፋን) ጀርባ በተነጠፉ ጥቁር ቀለም ባላቸው ህዋሳት ውስጥ ነው። ለዚህ እድሳት የግድ የሚያስፈልገው ፕሮቲን የሚሠራው ከአርፒኢ65 ነው። ስልክ አስቡ። ስልኩ ደህና ነው፣ ባትሪውም ደህና ነው፣ ቻርጀሩ ግን የለም።

ዳፍንት ከቫይታሚን ኤ እጥረት እንደሚመጣ ብዙ ሰው ያውቃል። እነዚህ ልጆች ላይ ግን ቫይታሚን ኤው አለ። እንዲያውም የሚለውጠው ጠፍቶ ህዋሳቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ተራ የቫይታሚን ኤ ክኒን ቢሰጣቸው ምንም አይፈይድላቸውም።

ልጁ የሚታመመው ከእናቱም ከአባቱም የተበላሸ ቅጂ ሲደርሰው ነው። ወላጆቹ አንድ አንድ ደህና ቅጂ ስላላቸው እነሱ ያያሉ፤ ተሸካሚ መሆናቸውንም አያውቁም። ይህን የምጽፈው ጥፋተኛ ፍለጋ ራሳቸውን የሚያሰቃዩ ወላጆች ስላሉ ነው። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ ያደረገችው ወይም ያላደረገችው ነገር ይህን አያመጣም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሕክምናው እንዲሳካ ያደረገው እሱ ነውና። በብዙ የሬቲና በሽታዎች እይታ የሚጠፋው ህዋሳቱ ስለሚሞቱ ነው። በአርፒኢ65 ግን ብርሃን ተቀባይ ህዋሳቱ ሥራ ፈትተው ለዓመታት በሕይወት ይቆያሉ። ተኝተዋል ማለት ይቻላል። ግን ለዘላለም አይጠብቁም፤ ቀስ በቀስ ያልቃሉ።

በቀኝ የሚያይ ውሻ

በ1980ዎቹ መጨረሻ ስዊድን ውስጥ ብሪያርድ በሚባሉ ትልልቅ ጸጉራም ውሾች ላይ ከልጅነት የሚጀምር የእይታ ችግር ተመዘገበ። በዚያን ጊዜ መንስኤው አልታወቀም። በ1993 በአሜሪካ ብሔራዊ የዓይን ተቋም የሚሠሩት ማይክል ሬድመንድ አርፒኢ65ን ለዩ። በ1997 የዘረመሉ ብልሽት ሰው ላይ የሌበርን በሽታ እንደሚያመጣ ታወቀ። ብዙም ሳይቆይ የውሾቹም ችግር ከዚያው ከአርፒኢ65 መሆኑ ታየ፤ ከዘረመሉ አራት ፊደል ጎድሏል። አራት ፊደል ብቻ።

በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ጂን ቤኔትና አልበርት ማጉዋየር የሚባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች ነበሩ። (ጂን የሐኪሟ ስም ነው። እንዳያምታታ ብዬ ነው ለሌላኛው ዘረመል የምለው።) የተዋወቁት ሃርቫርድ ሕክምና ሲማሩ ነው። እሳቸው ተመራማሪ፣ ባለቤታቸው የሬቲና ቀዶ ሐኪም። ደህናውን ዘረመል ዓይን ውስጥ የማስገባት ሐሳብ ለብዙ ዓመታት አብሯቸው ኖሯል።

ለማስገባት ተሸካሚ ያስፈልጋል። የተመረጠው ኤኤቪ የሚባል ትንሽ ቫይረስ ነው። ሰው ላይ የሚያመጣው የታወቀ በሽታ የለም። የራሱን ዘረመል አውጥተው ደህናውን አርፒኢ65 ይጭኑበታል። የጭነት ቦታው ጠባብ ነው፤ ከ4,700 የዘረመል ፊደል ብዙም አይበልጥም። አርፒኢ65 ይገባል። ስታርጋርት የሚባለውን የዓይን በሽታ የሚያመጣው ዘረመል ግን ስለሚበልጥ አይገባም። ለአንዱ በሽታ ሕክምና ኖሮ ለሌላው የሌለበት ምክንያት አንዳንዴ ይህን ያህል ቀላል ነው።

በ2001 ቤኔት ከግሪጎሪ አክላንድ፣ ከጉስታቮ አጊሬ፣ ከሳሙኤል ጃኮብሰንና ከዊሊያም ሃውስወርዝ ጋር የሦስት ውሾችን ውጤት አሳተሙ። መድኃኒቱ ሬቲናው ሥር የተሰጠው ቀኝ ዓይናቸው ላይ ነበር። ከዚያ ደብዘዝ ባለ ብርሃን መሰናክል ያለበት ክፍል ውስጥ ለቀቋቸው። ከፊታቸውና በቀኛቸው ያለውን ዕቃ እየሸሹ ያልፋሉ። በግራቸው ያለውን ግን አያዩትም። ይህን ሳነብ ቆም ብያለሁ። ኋላ ለሰዎች የሚሠራው መንገድ ፍሬ እዚያ ውሾቹ ክፍል ውስጥ ነበር።

ከውሾቹ አንዱ ላንስሎት ይባላል። ዝነኛ ሆነ፤ የአሜሪካ ምክር ቤት ድረስ ሄዶ ለሕግ አውጪዎች ታይቷል።

ጊዜው ግን ለዘረመል ሕክምና ክፉ ነበር። በ1999 እዚያው ዩኒቨርሲቲ በሌላ ቫይረስ፣ ለጉበት በሽታ በተደረገ ሙከራ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ሞቷል። ዘርፉ በሙሉ ደንግጦ ነበር። ወደ ሰው ለመሄድ ድፍረት ብቻ አይበቃም፤ ጥንቃቄውን የሚችል ተቋም ያስፈልጋል። በ2005 የፊላደልፊያ የሕፃናት ሆስፒታሏ ካትሪን ሃይ ለቤኔት ጥያቄ አቀረቡላቸው፦ ሙከራውን አብረን እንሥራው። ሃይ የደም ሐኪም ናቸው፤ ኤኤቪን ደም አልረጋ ለሚላቸው ሰዎች ሲሞክሩ ቆይተዋል።

ሬቲናው ሥር

በ2007 ለንደን ውስጥ የሮቢን አሊና የጄምስ ቤይንብሪጅ ቡድን፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የፊላደልፊያውና የጃኮብሰን ቡድኖች ሰው ማከም ጀመሩ። ለንደንና ፊላደልፊያ የየሦስት ታካሚዎቻቸውን ውጤት በኤፕሪል 2008 በአንድ ጊዜ አወጡ። ሦስት ሰው ትንሽ ነው። የታየው ዋናው ነገር ሕክምናው ሊሰጥ መቻሉ ነበር።

አሰጣጡን ልግለጸው፤ "መርፌ ዓይን ውስጥ ወጉት" ብሎ ማለፍ ይከብደኛል። መጀመሪያ ዓይን ውስጥ ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣል። ከዚያ እጅግ ቀጭን ቱቦ ገብቶ ሬቲናውን ነክቶ ሥሩ 0.3 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ያስቀምጣል። በዚያ ጠብታ ውስጥ 150 ቢሊዮን የዘረመል ቅጂ አለ። ሬቲናው ውሃ እንደቋጠረ ቆዳ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ፈሳሹ ሲመጠጥ ይተኛል። ለጊዜው ዓይን ውስጥ የአየር አረፋ ይቀራልና ታካሚው ለ24 ሰዓት በተቻለ መጠን በጀርባው ይተኛል፣ አረፋው እስኪጠፋም አውሮፕላን አይሳፈርም። ሁለተኛው ዓይን የሚሠራው ቢያንስ ከ6 ቀን በኋላ ነው። ሰውነት ቫይረሱን እንዳይዋጋው ፕሬድኒዞን ይሰጣል። አደጋ አለው፤ ሬቲና ሊቀደድ ይችላል፣ የዓይን ሞራ ይመጣል፣ የዓይን ግፊት ይጨምራል።

በ2009 ፊላደልፊያ የ12 ሰዎችን ውጤት አወጣች፤ ከ8 እስከ 44 ዓመት። ከሁሉ በላይ የተሻላቸው ልጆቹ ነበሩ። ልጆቹ ላይ ገና ያልሞቱ ህዋሳት ብዙ ናቸዋ።

መንገዱ

ከዚህ በኋላ ነው ያ ከባድ ጥያቄ የመጣው። ተሻላቸው ሲባል ምን ማለት ነው?

የተለመደው መለኪያ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የፊደል ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው የሚለካው የሬቲናውን መሃል፣ ያውም በደማቅ ብርሃን ነው። የእነዚህ ሰዎች ትልቁ ችግር ግን ብርሃን ሲቀንስ መታወራቸው ነው። የፊደል ሰሌዳ በምሽት ደረጃ መውረድን አይለካም። ምግብ ቤት ገብቶ ወንበር ማግኘትን አይለካም።

ስለዚህ መንገዱ ተሠራ። አቀማመጡ 12 ዓይነት ነው፤ ታካሚው ሸምድዶት እንዳይሄድ ይቀያየራል። ብርሃኑ ሰባት ደረጃ አለው፤ ከ400 ሉክስ እስከ 1 ሉክስ። 400 ሉክስ ሥራ ላይ ያለ ቢሮ ነው። 250 የቢሮ ኮሪደር። 50 ማታ ላይ ያለ ባቡር ጣቢያ። 1 ያ ጨረቃ የሌለው ሌሊት። ታካሚው በአንድ ዓይን፣ በሌላው ዓይን፣ ከዚያ በሁለቱ ይሄዳል። ስንት ጊዜ እንደፈጀና ስንቴ እንደሳተ ይቆጠራል። ቪዲዮውን የሚያርሙት ሰዎች ታካሚው መድኃኒቱን ይውሰድ አይውሰድ አያውቁም። ነጥቡ የሚሰጠው ለፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ዋናው በስንት ብርሃን አለፈ የሚለው ነው።

የዚህ መለኪያ ውበቱ ቁጥሩ ራሱ ሕይወትን መናገሩ ነው። አንድ ሰው ከ125 ወደ 4 ሉክስ ወረደ ስትሉ፣ ትናንት መብራቱ በበራ አውቶቡስ ውስጥ ብቻ ይንቀሳቀስ የነበረ ሰው ዛሬ ማታ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሄዳል ማለት ነው። ለእናት ይሄ ይገባታል። ለፈቃድ ሰጪውም ይገባዋል።

ዋናው ሙከራ ፊላደልፊያና አይዋ ዩኒቨርሲቲ ላይ ተካሄደ። 31 ሰዎች ተመዘገቡ፤ 21 ለሕክምና፣ 10 ለማነፃፀሪያ በዕጣ ተመደቡ። ከየቡድኑ አንድ አንድ ሰው ገና ከመጀመሩ ወጣ፤ ስለዚህ የታከሙት 20 ሆኑ። ትንሹ 4 ዓመቱ፣ ትልቁ 44። ከአንድ ዓመት በኋላ የታከሙት በአማካይ 1.8 የብርሃን ደረጃ ተሻሻሉ፤ ያልታከሙት 0.2። ከ20ዎቹ 13ቱ መንገዱን በ1 ሉክስ አለፉት። ካልታከሙት በ1 ሉክስ ያለፈ አንድም የለም። ሊያዩ የሚችሉት የብርሃን መጠን ሲለካ ደግሞ የታከሙት በአማካይ ከ100 ጊዜ በላይ ደካማ ብርሃን መለየት ቻሉ።

የፊደል ሰሌዳውስ? የታከሙት ትንሽ የተሻሉ ይመስላል፤ ልዩነቱ ግን በስታቲስቲክስ የሚቆም አልነበረም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሙከራው በሰሌዳው ብቻ ተለክቶ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ ወድቆ ነበር። በጨለማ መሄድ የጀመረ ልጅ እያለ ወረቀቱ "አልሠራም" ይል ነበር።

ሙከራው ካለቀ በኋላ ለማነፃፀሪያ የተመደቡትም ታከሙ፤ እነሱም መንገዱን በትንሽ ብርሃን ማለፍ ጀመሩ። ይህን ጥናቱ ላይ ሳነብ ደስ ብሎኛል።

ሁሉም ግን እኩል አልተሻለውም። ሁለት ደረጃና ከዚያ በላይ የተሻሻሉት መጀመሪያ ለሕክምና ከተመደቡት 21 ሰዎች 11 ናቸው። ግማሽ ያህሉ ያን አላገኙም። ዳነ ወይስ አልዳነ ብሎ መጠየቅ እዚህ ብዙ አያስኬድም። መድኃኒቱ ጤነኛ ዓይን አይሰጥም። የሚሰጠው የሚፈለገውን ብርሃን መቀነስ ነው። ለአንዱ ይሄ ነጩን ዱላ ማስቀመጥ ይሆናል፤ ለሌላው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ደጅ መቆየት።

በኦክቶበር 2017 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አማካሪዎች ተሰብስበው 16 ለ 0 ድምፅ ሰጡ። ፈቃዱ የወጣው ዲሴምበር 19 ቀን 2017 ነው። አውሮፓ በ2018 መጨረሻ ተከተለች።

ዋጋውና በሩ

መድኃኒቱን ለገበያ ያቀረበው ስፓርክ ቴራፒውቲክስ ከፊላደልፊያው ሆስፒታል የወጣ ኩባንያ ነው። በጃንዋሪ 2018 ዋጋውን አሳወቀ፦ ለአንድ ዓይን 425,000 ዶላር፣ ለሁለቱ 850,000። በጣም ብዙ ገንዘብ ነው። ኩባንያው የሚለው ዋጋው እዚህ የደረሰው በአሜሪካ ይህ ብልሽት ያለባቸው ከ1,000 እስከ 2,000 ሰው ብቻ ስለሆኑና የሚሰጠውም አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ነው። ሂሳቡ ይገባኛል። ግን የሆስፒታል ገንዘብና የሕዝብ ገንዘብ የገባበት ሥራ መጨረሻው እዚህ ዋጋ ላይ መድረሱ አሁንም ልክ አይመስለኝም። ለአንዳንድ መድን ሰጪዎች መድኃኒቱ ካልሠራ ከገንዘቡ የሚመለስበት ውል ቀርቧል። የሚመዘነው በምን መሰላችሁ? ታካሚው ከ30 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜና በ30 ወር ላይ በሚያየው የብርሃን መጠን። ገንዘቡም በብርሃን ተለካ።

ገንዘብ ቢገኝ እንኳ ሁለት በር አለ። አንደኛው የዘረመል ምርመራ ነው። ሁለቱም ቅጂ አርፒኢ65 ላይ መበላሸቱ ካልተረጋገጠ መድኃኒቱ አይሰጥም። በዘር የሚተላለፉ የሬቲና በሽታዎችን የሚያመጡት ዘረመሎች ከ250 በላይ ናቸው፤ "ሬቲናው ነው፣ ምንም አይደረግለትም" ተብሎ ሳይመረመር ያደገ ልጅ የትኛው እንዳለበት ማን ያውቃል? ሁለተኛው በር ህዋሳቱ ናቸው። በቂ ሕያው ህዋስ ካልቀረ ቻርጀሩ ቢመጣ ባትሪ የለም። ምርመራው ዛሬ ነገ የሚባል አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ሠርቶስ ይቆያል? በ2015 የለንደኑና የጃኮብሰን ቡድኖች አንዳንድ ታካሚዎቻቸው ላይ የተገኘው እይታ ከጥቂት ዓመት በኋላ መቀነሱን፣ ህዋሳቱም መሞታቸውን መቀጠላቸውን ጻፉ። የእነሱ ዝግጅት ከሉክስተርና የተለየ ነው፤ በሉክስተርና ሙከራ የተገኘው መሻሻል በቀጠሉት ዓመታት ክትትል ጸንቶ ታይቷል። ከፈቃዱ በኋላ ደግሞ በአንዳንድ ታካሚዎች ዓይን መድኃኒቱ ባረፈበት አካባቢ ህዋሳት እየሳሱ መሄዳቸው ተዘግቧል። ይህ ለወላጆች ከቀዶ ሕክምናው በፊት በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል።

ከመንገዱ ለሚያንሱ

ከሉክስተርና በኋላ ብዙዎች ተከተሉ። ኮሮይደርሚያ ለሚባል በሽታ የተሠራው ትልቅ ሙከራ በ2021 ወደቀ፤ ዋና መለኪያው የፊደል ሰሌዳው ነበር። በኤክስ ክሮሞዞም ለሚተላለፍ የሬቲና መሳሳት የተሠራው ደግሞ በ2025 ወደቀ። የሱ ዋና መለኪያ መሰናክል ያለበት መንገድ ነበር። መንገዱ ለአርፒኢ65 የሠራው በሽታው በዋናነት የሚጎዳው በትንሽ ብርሃን ማየትን ስለሆነ ነው፤ ሌላው በሽታ የራሱን መለኪያ ይፈልጋል።

በጣም የገረመኝ ግን የለንደኑ ነው። ኤአይፒኤል1 የሚባል ሌላ ዘረመል አለ፤ ብልሽቱ ከአርፒኢ65 የከፋ ነው፣ ልጆቹ ገና ከጅምሩ ብርሃንና ጨለማን ከመለየት ያለፈ አያዩም። አራት ልጆች ታከሙ፤ ሁሉም ከ3 ዓመት በታች። ለጥንቃቄ ሲባል የተሰጣቸው በአንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ፊደል አያውቁም። ቀስት ተከተሉ ቢባሉ አይገባቸውም። ስለዚህ ሐኪሞቹ የሚነካ ስክሪን ላይ ምስል እያሳዩ ለኳቸው፤ አንጎላቸው ለሚታየው ነገር የሚሰጠውን ምላሽም ከጭንቅላታቸው ላይ ለኩ። ውጤቱ በ2025 ወጣ። የታከመው ዓይን ቅርጽ መለየት ጀምሯል። ያልታከመው ዓይን እይታ ግን ክትትሉ ሲያልቅ ሊለካ እንኳ አልቻለም።